ቁስል በሌለበት ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ማሸጊያ

በአውስትራሊያ፣ በሮያል ሜልበርን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ በአደጋ የተጎዳ ወይም በጠና የታመመ ሰው ሲገባ ነርሶቹ ደም ከማቆምና ትንፋሽ ከመደገፍ ጎን ለጎን አንድ እንግዳ የሚመስል ሥራ ይሠሩ ነበር። በሽተኛውን በጎኑ አዘንብለው፣ ከወገብ በታች ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ያለውን ቆዳ ያደርቁና ወፍራም፣ ለስላሳ የቁስል ማሸጊያ ይለጥፉበታል። ሁለቱንም ተረከዞች እንዲሁ ያለብሷቸዋል። ቆዳው ግን አልቆሰለም። አልቀላም፣ አላበጠምም።

ይህን የሚያደርጉት ለአንድ ጥናት ነበር። በኒክ ሳንታማሪያ የተመራው የዚህ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ሲሆን በሙያው ውስጥ ብዙዎችን አነጋገረ። 440 በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለዋል። ሁለቱም ወገኖች የተለመደውን እንክብካቤ አግኝተዋል፤ ልዩነታቸው ማሸጊያው ብቻ ነው። ማሸጊያ ካልተደረገላቸው 13.1 በመቶዎቹ የአልጋ ቁስል ወጣባቸው፤ ከተደረገላቸው ግን 3.1 በመቶዎቹ ብቻ። አሥር ሰው ላይ ቢለጠፍ አንዱ ሰው ከቁስል ይተርፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ከአንድ ቁራጭ ስፖንጅ ይገኛል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በፍጥነት ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ የአልጋ ቁስል መመሪያ ማሸጊያውን እንደ አማራጭ ጠቀሰው፤ በ2019 የታደሰው ደግሞ ለቁስል የተጋለጡ በሽተኞችን ቆዳ ለመጠበቅ ባለብዙ ንብርብር የሲሊኮን ማሸጊያ እንዲደረግ መከረ። በሀብታም አገሮች ብዙ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ዛሬ የዘወትር ዕቃ ሆኗል። ዕቃው ወደ እኛ ሆስፒታሎች መድረሱ ስለማይቀር፣ ከመድረሱ በፊት ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ለይቶ ማወቅ ይገባናል። የእኔ እምነት ማሸጊያው በእርግጥ ይሠራል የሚል ነው። ነገር ግን የሠራው በሌላ እንክብካቤ ላይ ተደርቦ ነው፤ እኛ ዘንድ ያ ሌላ እንክብካቤ በአብዛኛው ያለው በአስታማሚ እጅ ነው።

የአልጋ ቁስልን ብዙ ሰው ከላይ የሚጀምር መላላጥ አድርጎ ያየዋል። ከባዱ ዓይነት ግን የሚነሳው ከውስጥ፣ ከአጥንቱ አጠገብ ነው። ሰው ተኝቶ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ አጥንቱ ከላይ ይጫናል፣ ፍራሹ ከታች ይመክታል፣ መሃል ላይ የሚጨፈለቀው ሥጋው ነው። ለረጅም ጊዜ የተያዘው ማብራሪያ ደም ሥሮቹ ስለሚታፈኑ ሥጋው ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል የሚል ነበር። ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሰዓታት ይወስዳል። በኔዘርላንድስ አይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እነ ሲስ ኡመንስ፣ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አሚት ገፈን ያካሄዷቸው ምርምሮች ሁለተኛ መንገድ እንዳለ አሳዩ። ሥጋው ከመጠን በላይ ሲለጠጥና ሲጣመም ሕዋሳቱ ራሳቸው ይጎዳሉ፤ ይህ ደግሞ በደቂቃዎች ሊጀምር ይችላል። በየሁለት ሰዓቱ በትጋት የሚገለበጥ በሽተኛ አንዳንዴ ለምን እንደሚቆስል የገባን ከዚህ ወዲህ ነው።

መለጠጡ እንዴት እንደሚመጣ ለማየት አንድ አልጋ አጠገብ ጥቂት መቆም ይበቃል። ለመብላት ወይም ለመተንፈስ እንዲመቸው ራስጌው ከፍ የተደረገለት በሽተኛ ቀስ በቀስ ወደ ግርጌ ይንሸራተታል። ፍራሹ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል፣ አንሶላው በላብ ርሷል፣ ቆዳው እዚያ ተጣብቆ ቀርቷል። አጥንቱ ግን ከነክብደቱ ይወርዳል። ቆዳው ሳይሄድ አጥንቱ ሲሄድ በመካከል ያለው ሥጋ ይጎተታል፣ ጥቃቅን ደም ሥሮቹም አብረው ይጣመማሉ። ከዚያ ሁለት አስታማሚዎች ይመጡና ብብትና ብብቱን ይዘው ወደ ላይ ይስቡታል። ያው ቆዳ አሁን በተቃራኒው ይፈተጋል፤ ተረከዞቹም አንሶላው ላይ እየተጎተቱ ይከተላሉ። በሽተኛው የጀርባ አጥንቱ ተጎድቶ ስሜት ያጣ ከሆነ ይህ ሁሉ ሲደርስበት ምንም አይሰማውም። በ1995 ከፈረስ ወድቆ ሽባ የሆነው የሱፐርማን ፊልም ተዋናይ ክሪስቶፈር ሪቭ፣ በጥቅምት 2004 ከመሞቱ በፊት ይታከም የነበረው ለተመረዘ የአልጋ ቁስል ነበር። እሱ ገንዘብም ሰውም አላጣም።

ማሸጊያው የሚሠራው እዚህ ቦታ ላይ ነው። አራት ወይም አምስት ንብርብር አለው። ከቆዳው ጋር የሚገናኘው ሲሊኮን ሲነሳ ቆዳ አይልጥም። ከላይ ያለው ገጽ ለስላሳ ስለሆነ አንሶላው ላይ ይንሸራተታል። በመካከል ያሉት ንብርብሮች ደግሞ የተደረበ ጋቢ ሲጎተት አንዱ ገጽ በሌላው ላይ እንደሚሄድ ሁሉ እርስ በርሳቸው ይንሸራተታሉ፤ ጉተታው ወደ ሥጋው ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ላብንም ይመጥጣል፤ ረጥቦ የቆየ ቆዳ ቶሎ የሚላላጥ ነውና ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። የማይችለው ነገር ክብደትን ማንሳት ነው። በጎን ያዘመመውን ሰው ቦታ አይቀይርም፣ መጥፎ ፍራሽን ጥሩ አያደርግም።

ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነው። ከሜልበርን በኋላ ሌሎችም ሞክረውታል። በጣሊያን ቦሎኛ፣ በሪዞሊ የአጥንት ሕክምና ተቋም፣ የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ አረጋውያን ላይ በተደረገ ጥናት ቁስል የወጣባቸው ከ15.4 ወደ 4.5 በመቶ ወርዷል። በበርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል እጅግ የተጋለጡ የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሽተኞች ላይ ልዩነቱ 10.5 እና 2.8 በመቶ ነበር። ሁሉም አንድ አቅጣጫ ያሳያሉ። ያም ሆኖ ኮክሬን የተባለው የማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት በ2018 በ18 ጥናቶች የተሳተፉ 3,629 ሰዎችን መረጃ ሲመረምር፣ የሲሊኮን ማሸጊያ ቁስልን ሊቀንስ እንደሚችል ገልጾ የማስረጃው ጥንካሬ ግን ዝቅተኛ ነው አለ። ምክንያቶቹ የሚገቡ ናቸው። ማሸጊያ የተለጠፈበትንና ያልተለጠፈበትን ነርሷ በዓይኗ ታየዋለች፤ ማንን ይበልጥ እንደምትንከባከብ ወይም የማንን መቅላት ቁስል ብላ እንደምትመዘግብ ሳታስበው ሊለወጥ ይችላል። ከጥናቶቹም በርካቶቹ የአምራች ኩባንያ ገንዘብ ነበረባቸው።

ስለዚህ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነው የቤልጂየሙን ነው። የጌንት ዩኒቨርሲቲው ዲሚትሪ ቤክማንና ባልደረቦቹ በ25 ሆስፒታሎች ከ1,600 በላይ በሽተኞችን ይዘው፣ በአገሪቱ የጤና ዕውቀት ማዕከል የሕዝብ ገንዘብ ሠርተው በ2021 ያሳተሙት ነው። ማሸጊያ የተደረገላቸው 4.0 በመቶዎቹ ቆሰሉ፣ ያልተደረገላቸው 6.3 በመቶዎቹ። ጥቅሙ አለ፤ ግን ከሜልበርኑ ብዙ ያንሳል። በዚህ ስሌት አንድን ሰው ከቁስል ለማትረፍ ማሸጊያ የሚለጠፍላቸው አሥር ሳይሆኑ ከአርባ በላይ ሰዎች ናቸው። ለይተው ሲያዩት ደግሞ ጥቅሙ በግልጽ የታየው ከወገብ በታች ባለው ቦታ ላይ ነው፤ ተረከዝና ዳሌ ላይ ልዩነት አለ ለማለት የሚያበቃ ነገር አላገኙም።

ተመሳሳይ ዕቃ አንድ ቦታ አሥር፣ ሌላ ቦታ አርባ የሚሆነው ማሸጊያው ስለተለወጠ አይደለም። የሜልበርኖቹ በሽተኞች ክፉኛ የተጎዱና ለሞት የቀረቡ ነበሩ፤ ቤልጂየም ውስጥ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ውጭ ያሉም ገብተዋል፣ መሠረታዊው እንክብካቤም ቁስሉን አስቀድሞ ቀንሶት ነበር። ብዙ ሰው በማይቆስልበት ቦታ የሚተርፈውም ጥቂት ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና ክብካቤ ልህቀት ተቋም በጥር 2019 በዚሁ በሜልበርን በተሞከረው ሜፒሌክስ በተባለው ማሸጊያ ላይ ውሳኔ ሲሰጥ፣ ተስፋ ሰጪ መሆኑን ተቀብሎ በመደበኛነት እንዲገባ ለመምከር ግን ማስረጃው አይበቃም ያለው ይህንኑ በማየት ይመስለኛል። ጥሩ ፍራሽ ያለው፣ በሽተኛውን በሰዓቱ የሚገለብጥ ሆስፒታል ላይ ማሸጊያው ምን ያህል ይጨምራል? በዚያው ዓመት የወጣው ዓለም አቀፉ መመሪያ ግን አድርጉት አለ። ሁለቱም ወገኖች የተመለከቱት ማስረጃ እጅግ የተቀራረበ ነው፤ የተለያየው የጠየቁት ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ባሕር ዳርን እናምጣ። በፈለገ ሕይወት ሪፈራል ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ 422 በሽተኞችን ያየና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 16.8 በመቶዎቹ የአልጋ ቁስል እንዳለባቸው አግኝቷል። ይህ ቁጥር በቆጠራው ጊዜ ቁስል ያለበትን ሁሉ ስለሚይዝ ከላይ ካሉት አኃዞች ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። ቢሆንም ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው ግን ጥናቱ ከቁስሉ ጋር ተያይዘው አገኘኋቸው ያላቸው ምክንያቶች ናቸው፤ በሆስፒታል ለረጅም ጊዜ መቆየት፣ የስሜት መቀነስ፣ እንዲሁም ፍትጊያና መሸራተት። የመጨረሻው ማሸጊያው ለይቶ የሚዋጋው ጠላት ነው።

ከዚህ ተነስቶ ሁለት ዓይነት ድምዳሜ ላይ መድረስ ይቻላል። አንዱ እንዲህ ይላል፤ እኛ ጋ አደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ማሸጊያው ከቤልጂየም ይልቅ ብዙ ሰው ያተርፋል። ሌላው ደግሞ ማሸጊያው የተሞከረው ሌላው ሁሉ በተሟላበት ቦታ ስለሆነ፣ ፍራሹ ባረጀበትና ሌሊቱን የሚገለብጥ በሌለበት አልጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማስረጃ የለም ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ወደ መጀመሪያው የማደላው ጉተታን የሚቀንሰው አሠራሩ በየትኛውም አልጋ ላይ ያው ስለሆነ ነው። የምፈራው ግን የሰውን ጠባይ ነው። ውድ ነገር ከተለጠፈ በኋላ “ይኸው ተደርጎለታል” ብሎ እጅ ማንሳት ይመጣል። በሽተኛውን በመገልበጥ የደከመች እናት ወይም እህት ማሸጊያውን ካየች በኋላ ሌሊት አንድ ጊዜ ብትተኛ ማንም አይፈርድባትም፤ ሥጋው ግን መጨፈለቁን አያቆምም።

ሌላ፣ ከዚህ የባሰ አደጋም አለ። የአልጋ ቁስል የመጀመሪያ ደረጃ በመጽሐፍ የሚገለጸው በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት ተብሎ ነው። ይህ መግለጫ የተጻፈው ነጭ ቆዳ ታስቦ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው ከዙሪያው ይበልጥ መጥቆር ወይም ወደ ሐምራዊ መሄድ ነው፣ አንዳንዴም ምንም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ቁስሉ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ቆዳው ከተከፈተ በኋላ ነው። በዚህ ላይ ማሸጊያ ሲለጠፍ ጨርሶ ሊደበቅ ይችላል። የሲሊኮኑ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ጠርዙን ይዞ ገልጦ፣ ቆዳውን አይቶ፣ መልሶ መለጠፍ ይቻላል። ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ መገለጥ አለበት። ያን ጊዜ ዓይን ብቻውን አይበቃም። በእጅ ጀርባ ነክቶ ሙቀቱን ከጎኑ ካለው ቆዳ ጋር ማስተያየት፣ በጣት ጫን ብሎ ጠጥሯል ወይስ ልስልስ ብሏል ማለት፣ ስሜት ያለውን በሽተኛ ያምሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ውድ ነው፣ ይበላሻል ተብሎ ለቀናት ሳይገለጥ የሚቆይ ማሸጊያ ካለመኖሩ ይብሳል። በሜልበርን በየሦስት ቀኑ ይቀየር ነበር፤ ሲቆሽሽ ወይም ሲላቀቅ ደግሞ ቀኑ አይጠበቅም።

ዋናውን ማሸጊያ ያጣ ሰው በምትኩ የሚያደርጋቸው ነገሮችም አሉ፤ አብዛኞቹ ይጎዳሉ። ውኃ የተሞላ የእጅ ጓንት ከተረከዝ ሥር ማድረግ ብዙ ቦታ የታየ ልማድ ነው፤ ጓንቷ ጠባብ ስለሆነች ክብደቱን አንድ ነጥብ ላይ ትሰበስበዋለች። መሃሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ትራስ ዙሪያውን ያለውን ሥጋ ጨምድዶ ደሙን ያግዳል። የቀላውን ቦታ በቅባት ወይም በአልኮል ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይቀጠቅጠዋል። ጎዝ አጣጥፎ በፕላስተር ማጣበቅም አይተካውም፤ እጥፋቱ ራሱ ይጫናል፣ ፕላስተሩ ሲነሳ የሽማግሌን ስስ ቆዳ ይዞ ይመጣል። ለተረከዝ ግን ከሁሉ የተሻለው ያለ ወጪ የሚገኝ ነው። ከባቱ ሥር በርዝመቱ ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጎ ተረከዙ ምንም ሳይነካ አየር ላይ እንዲውል ማድረግ፣ ጉልበቱን በጥቂቱ አጠፍ አድርጎ መደገፍ። የቤልጂየሙ ጥናት ተረከዝ ላይ ግልጽ ጥቅም አላሳየምና፣ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ማሸጊያው ከወገብ በታች ላለው ቦታ ይሁን እላለሁ። ራስጌውንም ሐኪሙ ካልከለከለ ከ30 ዲግሪ አለማሳለፍ፣ ወደ ላይ ሲወሰድም ከብብት ይዞ ከመሳብ ከሥሩ ባለ አንሶላ ከፍ አድርጎ ማንሳት ጉተታውን ከምንጩ ይቀንሰዋል።

ማን ይግዛው የሚለው ጥያቄ እንደ ሕክምናው ያህል ይመዝናል። በአሜሪካ ማሸጊያው እንዲህ የተስፋፋው ጥናቶቹ ስላሳመኑ ብቻ አይደለም። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ከጥቅምት 2008 ጀምሮ በሆስፒታል ውስጥ ለሚወጣ ከባድ የአልጋ ቁስል ተጨማሪ ክፍያ አልከፍልም አለ። ከዚያ በኋላ የቁስሉ ወጪ የሆስፒታሉ ስለሆነ ሆስፒታሉ ለመከላከያው ገንዘብ አገኘ። እኛ አገር ወጪው በአብዛኛው የቤተሰቡ ነው። የዶክተሩን ማዘዣ ይዞ ወደ ፋርማሲ የሚሮጠው ወንድም፣ ለወራት ጎዝ የሚገዛው አባት፣ ሥራዋን ትታ የምታስታምመው ልጅ ናቸው የሚከፍሉት። ቁስሉ በሆስፒታሉ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ መከላከያውም ቅድሚያ አያገኝም። ይህ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። የአገራችን የጤና መድንም ሆነ ጤና ሚኒስቴር በሆስፒታል ውስጥ የወጣን የአልጋ ቁስል እንደ አንድ የጥራት መለኪያ ቆጥረው ቢጠይቁ፣ ግዢው ራሱ ይከተላል።

በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌሎች ከተሞች በነርስ ረዳትነትና በቤት ለቤት እንክብካቤ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አረጋውያንን እያገላበጡ የሚያስታምሙ ናቸው፤ ይህን ማሸጊያ ለጥፈው ያነሱ፣ የሚገለጥበትን ጊዜ የሚያውቁ ከመካከላቸው አይታጡም። አገር ቤት አባት በስትሮክ ሲተኛ ስልክ የሚደወለውም ለእነሱ ነው። ማሸጊያ መላካቸው መልካም ነው። ከማሸጊያው ጋር ግን አንሶላ ይዞ ማንሳትን፣ ባትን መደገፍን፣ በእጅ ጀርባ መዳሰስን በቪዲዮ ቢያሳዩ፣ ከላኩት ዕቃ በላይ የሚረዳው ያ ነው።

ሆስፒታሎቻችንም ማሸጊያውን በጅምላ ከማስገባታቸው በፊት በጥቂት ክፍሎች ቢሞክሩት ይሻላል፤ የዳሌ ስብራት ደርሶባቸው ቀዶ ሕክምና የሚጠባበቁ አረጋውያን፣ የጀርባ አጥንታቸው የተጎዳ ወጣቶችና የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሽተኞች ለመጀመር ይበቃሉ። ግማሾቹ ጥሩ የመገልበጥ ሥርዓት ብቻ፣ ግማሾቹ ሥርዓቱንና ማሸጊያውን ያግኙ። አስታማሚዎቹም በሁለቱም በኩል እኩል ይሠልጥኑ፤ አለበለዚያ የምንለካው የማሸጊያውን ሳይሆን የሥልጠናውን ውጤት ይሆናል። ከሁሉም በፊት ግን እያንዳንዱ በሽተኛ ሲገባ ጀርባውና ተረከዙ ታይቶ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ዛሬ በብዙ ክፍሎች ያ መስመር ባዶ ስለሆነ፣ ቁስሉ ከቤት ይምጣ ወይም ከአልጋው ማንም ሊናገር አይችልም።